ዳድከሪምና ያልበራው ቀይ መብራት

ዳድከሪም መኪና ሲመጣለት መጀመሪያ የሚከፍተው ኮፈኑን ሳይሆን የሾፌሩን አፍ ነበር። እዚህ ዳልባንዲን ከተማ እንግዳ ሲገባ ሻይ ከመቅረቡ በፊት ሃል ይጠየቃል፤ ከየት ተነሳህ፣ በየት መጣህ፣ ማንን አገኘህ፣ ምን ሰማህ ይባላል። እንግዳውም አንድ ሳያስቀር ይዘረዝራል። ዳድከሪም ይህን ወግ ጋራዡ ውስጥ አስገባው። የዳሽቦርዱ ጌጅ አልሠራ ያለው ሾፌር ምንጣፉ ላይ ይቀመጥና የመኪናውን ሃል ይሰጣል። መርፌው የወረደው ቀስ ብሎ ነው ወይስ ድንገት? ዳገት ላይ ነው ወይስ ሜዳ ላይ? መብራቱ የበራው ሞተሩ ሞቆ ነው ወይስ ገና ሲነሳ? ሰውየው ከዋሸ ዳድከሪም የሻዩን ብርጭቆ ከእጁ ላይ ይወስድበታል።

እኔ ሳብዛል ጎሚስታው ነኝ። ግድግዳ ለግድግዳ ተጎራብተን ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተናል፤ ከዚህ ውስጥ ስድስቱን ያህል ተኮራርፈን ነበር። ሰውየው ሲበዛ ቁጡ ነው። አንድ ጊዜ የነዳጁና የሙቀቱ ጌጅ አብረው የተበላሹበት ሾፌር ኩዌታ ከተማ ድረስ ሄዶ ሁለት አዲስ ጌጅ ገዝቶ መጣ።

"እነዚህን ግጠምልኝ" አለው።

"ሁለቱ በአንድ ቀን አበዱ?"

"በአንድ ቀን።"

"አንተና ሚስትህ በአንድ ቀን ብታብዱ ሁለታችሁንም አውጥቼ ልጣላችሁ? ወይስ ምሳ ምን እንደበላችሁ ልጠይቅ?"

ከዳሽቦርዱ ጀርባ እጁን ሰዶ ሁለቱ ጌጆች የሚጋሩትን፣ ከመኪናው ብረት ጋር የሚያያዘውን አንዲት የዛገች ሽቦ መዞ አወጣ። በቢላ ፍቆ መልሶ አሰራት፤ መርፌዎቹ ቦታቸው ገቡ። አዲሶቹን ጌጆች ግን አንስቶ አስፋልቱ ላይ ወረወራቸው። ሾፌሩ አንዱን ከጭነት መኪና ጎማ ሥር ሊያተርፍ ሲሮጥ ለጥቂት ተረፈ።

ከሁሉ የሚያሳብደው ግን "ሽቦውን ቁረጠው" የሚለው ቃል ነው። ቀይ መብራት በርቶ አልጠፋ ያለው ሾፌር ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። አንዱ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ቢለው ዳድከሪም ባትሪ አንስቶ እግሩ ላይ ለቀቀበት፤ ሰውየው አሁንም እኛን ሲያይ ማነከስ ይጀምራል። ይህ ቁጣ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። አባቱ ሾፌር ነበር። በበረሃ የሙቀቱ መርፌ ድንገት ሲወርድለት ሞተሩ የቀዘቀዘ መስሎት መዝፈን ጀመረ አሉ፤ ውሃው ፈስሶ አልቆ ሴንሰሩ ባዶ አየር ነበር የሚለካው። ሞተሩ ነደደ፤ የአባትየው ሬሳ በአምስተኛው ቀን ተገኘ። አብሮት የነበረው ሰው በሕይወት ስለተረፈ ነው ዘፈኑን እንኳ ያወቅነው። ዳድከሪም ይህንን በራሱ አፍ ነግሮኝ አያውቅም።

ባለፈው ዓመት ቴምር በሚለቀምበት ሰሞን ጂያንድና ናጉማን የሚባሉ ወንድማማቾች ሰማያዊ ፒክአፕ ይዘው መጡ። እነዚህ ልጆች ከድንበር ማዶ ናፍጣ በጀሪካን የሚያመላልሱ ናቸው፤ እዚህ ማን ሌላ ሥራ አለው? ፒክአፑ ከሁለቱም በዕድሜ ይበልጣል። የዘይቱ ቀይ መብራት በርቶ አልጠፋ ብሏል።

"ሽቦውን ቁረጠውና እንሂድ" አለ ታላቅየው ጂያንድ።

ዳድከሪም የጨበጠው ቁልፍ ከእጁ ወጣ። ጂያንድ ጎንበስ ባይል ግንባሩን ነበር የሚያገኘው። ታናሽየው ናጉማን ከኔ ኋላ ተደብቆ ይስቃል።

"ዋጃ ዳድከሪም፣ ጌታዬ፣ እሱን ተወው! ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው፤ ጥርሱን ሲያመው እንኳ ምላሱን ቁረጡልኝ ይላል!"

ይሄ ሳቅ ዳድከሪምን አበረደው። ሃሉን ጠየቀ፣ ናጉማን ሰጠ። ከዚያ ሴንሰሩን ከሞተሩ ላይ ነቅሎ በቦታው ረዥም ቱቦ ያለው የእጅ መለኪያ አሰረና ሞተሩን አስነሳው። የዘይቱ ግፊት ደህና ነው። ውሸታሙ ሴንሰሩ ነበር፤ በሌላ ቀየረው።

"ስማ ናጉማን" አለው ከዚያ፤ "ቁልፉን ስታዞር፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ይህ ቀይ መብራት መብራት አለበት። ካልበራ እንዳታስነሳው። ሲነሳ ይጠፋል። መንገድ ላይ ከበራ እዚያው ቁም። እናትህ ከፊት ሆና ብትጠራህም ቁም።"

ናጉማን ግንባሩን ስሞት ሄደ። በዘጠነኛው ቀን ሬሳው በዚያው መንገድ ተመልሶ መጣ።

የሰማነው እንዲህ ነበር። የጨው ሜዳውን ሲያቋርጡ ሞተሩ ደርቆ ቆመ። ሲነጋ ሦስት ሽፍቶች በሞተር ሳይክል ደረሱባቸው። ናጉማን ጀሪካኑን አልለቅም አለ፤ ሆዱ ላይ ሁለት ጊዜ ተኮሱበት። የጂያንድን ግራ ጆሮ በጥይት ግማሹን ወሰዱት። ናጉማን እስከ ቀትር ድረስ ሳይሞት ቆየ፤ ወንድሙ በጀርባው አዝሎት ውሃ እያለ እየለመነው ነው የሞተው። ሽፍቶቹ ከየትኛው ጎሳ እንደሆኑ ማንም አያውቅም፤ ቢታወቅም ድንበሩን ተሻግሮ የሚደርስባቸው የለም። እንዲህ ሲሆን ቁጣ ወደ ቅርቡ አንገት ይዞራል።

የሦስቱ ቀን ሐዘን ባለቀ ማግስት በቀትር ጂያንድ መጣ። ሰላም አላለም። የጎማ መፍቻ ብረቴን ከደጃፌ ላይ አንስቶ አልፎኝ ሲሄድ ጎማ ሊያስፈታ መስሎኝ ነበር። ዳድከሪም ቁጢጥ ብሎ ሽቦ እየጠቀለለ ነበር። የመጀመሪያው ምት ትከሻው ላይ አረፈና በፊቱ ደፋው።

"መብራቱ አልበራም! ጌጁ ወንድሜን ገደለው! አንተ ገደልከው!"

ልይዘው ዘልዬ ከኋላው ተጠመጠምኩ። በክርኑ አፌን ሲለኝ ሁለት ጥርሴ ረገፈ፤ ደሜን እየተፋሁ ወደኋላ ሄድኩ። ጂያንድ የዳድከሪምን ቀኝ እጅ ጎትቶ ድንጋዩ ደፍ ላይ አስቀመጠና አንጓውን ረገጠው። ከዚያ መታ። አንዴ አልነበረም። አራት ጊዜ ቆጠርኩ፤ ከዚያ መቁጠር አቃተኝ። የአጥንት ድምፅ ምን እንደሚመስል አላወራም፤ ሌሊት ሌሊት እሰማዋለሁ። ያ እጅ ዛሬም ካቻቪቴ አይጨብጥም።

ጂያንድ ብረቱን ጥሎ ሽጉጡን መዘዘ። ዳድከሪም ተንደባሎ ተቀመጠ፤ እጁ ጭኑ ላይ ተዘርግቶ እንደ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ምላሱ ግን ያው ነው።

"ተኩስ፣ አህያ! ግን ከተኮስክ በኋላ እስክትሞት ድረስ እውነቱን አታውቅም። መኪናውን አምጣው። ጌጁ ዋሽቶ ከሆነ ሽጉጥህን እኔው በግራ እጄ አጎርስልሃለሁ።"

መንገደኛው ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። ሽማግሌያችን ዋጃ ሻህዶስት በሰው መሃል ሰንጥቀው ገቡና ከሽጉጡ አፍ ፊት ቆሙ።

"ደም ፈላጊ ነህ፣ መብትህ ነው" አሉት ጂያንድን። "ነገር ግን ያልተመረመረ ደም አይጠጣም። ከነገ ወዲያ መኪናው እዚህ ይቁም። ጌጁ ዋሽቶ ከተገኘ ዳድከሪም ያንተ ነው፤ ማንም ደሙን አይጠይቅህም። ካልዋሸ ግን ለዚህ እጅ አንተ መልስ አለብህ።"

ዳድከሪም ለመሸሽ ሁለት ሌሊት ነበረው። ዘመዶቹ መኪና አዘጋጁለት፤ አልሄድም አለ። እጁን ወጌሻ በቀርክሃ አሰረለት። እኔ አጠገቡ አደርኩ። ስቃዩ ሲብስበት ይሳደባል፤ ሲቀልለት ስለዚያ መብራት ያስባል።

"ሳብዛል፣ ሴንሰሩን በትክክል አጥብቄው ነበር?"

"እኔ ጎማ እንጂ ምን አውቄ!"

"ከነገ ወዲያ እጄ አንተ ነህ። አላህ ያጽናኝ።"

በተባለው ቀን ፒክአፑ በሌላ መኪና ተጎትቶ ደረሰ። ሃምሳ የሚሆን ሰው በጋራዡ ጥላ ሥር ተኮልኩሏል፤ ግማሹ ናፍጣ የሚያመላልስ ሾፌር ነው። የሟች እናት ባናሪ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ጂያንድ ጆሮው በጨርቅ ታስሮ፣ ሽጉጡን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ከፊት ተቀመጠ። ዳድከሪም ከፒክአፑ ጎን በርጩማ ላይ፤ እኔ በሞተሩና በሱ መሃል ቆምኩ። ዛሬ አንዲት ሽቦ አሳስቼ ብነካ ጎረቤቴን ፊቴ ላይ ሊደፉት ነው።

ዋጃ ሻህዶስት ሃል ጠየቁ። ጂያንድ ተነስቶ ሰጠ። ድንበር ማዶ ጀሪካኑን እንደሞሉ፣ ሻይና ቂጣ እንደቀመሱ፣ መሽቶ ናጉማን እየነዳ እንደተነሱ። የድንበር ጠባቂዎቹ ጉብታ ጋ ሲደርሱ ፍጥነት እንደጨመሩ። ከአጎቶቻቸው ድንኳን ዝቅ ብሎ ድንጋያማው ወንዝ ውስጥ መኪናው ከሥሩ አንድ ጊዜ ክፉኛ እንደተመታ። ከዚያ የጨው ሜዳው። ከዚያ ሞተሩ መጮህ፣ መቆም። ከዚያ ንጋቱ። እዚያ ላይ አቆመ።

"ይሄው ነው?" አለ ዳድከሪም።

"ይሄው ነው።"

"አንድ ያስቀረኸው የለም?"

"በወንድሜ ደም! አንድ የለም። መብራቱ አልበራም! አንተ ጠገንኩት ብለህ ጭራሽ ገደልከው!"

ዳድከሪም ወደኔ ዞረ። "የዘይት መለኪያውን ዘንግ ምዘዝ።" መዘዝኩ፤ ደረቅ ነው። "ሥሩ ግባ።" በክሪክ አንስተን ገባሁ። የዘይቱ ቋት ከታች ተሰንጥቋል፤ ጣቴ ይገባል። ወጥቼ ተናገርኩ።

"ወንዙ ውስጥ ያ ድንጋይ ነው" አለ ዳድከሪም ለሁሉም እንዲሰማ። "ዘይቱ እዚያው መፍሰስ ጀመረ። ግፊቱ ሲወድቅ መብራቱ መብራት ነበረበት። አሁን ለምን እንዳልበራ እንይ።"

የሞላ ባትሪ አሰርኩ። "ቁልፉን አዙር።" አዞርኩ። ሞተሩ የሞተ ቢሆንም ቀዩ መብራት መብራት ነበረበት። አልበራም። ሕዝቡ አጉረመረመ። ጂያንድ ሽጉጡን አቀባበለ፤ ድምፁ ጀርባዬ ላይ ተሰማኝ።

"ቆይ" አለ ዳድከሪም፣ ላብ በግንባሩ እየወረደ። "የሴንሰሩን ሽቦ ንቀልና ባዶውን ጫፍ የሞተሩ ብረት ላይ አስነካ።" አስነካሁ። "በራ?" ጭንቅላቴን ግራና ቀኝ ነቀነቅሁ። "አልበራም!" ብሎ ጂያንድ ጮኸ። "ታዲያ ሴንሰሬ ነፃ ነው" አለ ዳድከሪም። "ያለ ሴንሰርም መብራት ነበረበት። ጥፋቱ ወይ ሽቦው መንገድ ላይ ተቆርጧል፣ ወይ..." የፒክአፑን መስታወት አየ። ያን ጊዜ የገባው ይመስለኛል፤ ፊቱ ላይ ግን ደስታ አልነበረም።

"ዳሽቦርዱን ፍታ" አለኝ ቀስ ብሎ።

አራት ቡሎን ነው። የጌጆቹን ሳጥን ጎትቼ ወደፊት አጋደምኩና እጄን ከጀርባው ሰደድኩ። ጣቴ የዘይቱ መብራት ቦታ ላይ ገባ። ቀዳዳ ነው። አጠገቡ ያለውም ቀዳዳ ነው። አንድም አምፖል የለም።

ቀና ስል የሾፌሮቹን ፊት አየሁ። ሁሉም ገባቸው። በየፒክአፓቸው ውስጥ ያው ቀዳዳ አለ። ከጠባቂዎቹ ጉብታ በፊት ሁሉም ሞተሩን ሳያጠፋ መኪናውን አቁሞ፣ ሽንቱን ሸንቶ፣ ከዳሽቦርዱ ጀርባ አምፖሎቹን ያወጣል፤ ምክንያቱም ጠባቂው በጨለማ የሚያየው ድንገት የምትበራዋን ቀይ ነጥብ ነው፤ የሚተኩሰውም እሷ ላይ ነው። አባቶቻችን ሳይቀሩ ያደርጉት ነበር። መስጊድ ስንገባ ጫማ እንደምናወልቀው ነው፤ ሃል ሲሰጥ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ የሚል የለም። ጂያንድም አልዋሸም። ረስቶትም አይደለም። የሚነገር ነገር መሆኑን አያውቅም ነበር።

"ምን አገኘህ?" አሉኝ ዋጃ ሻህዶስት።

ቀዳዳውን በጣቴ አሳየሁ። መናገርም አላስፈለገኝም። የጂያንድ እጅ በራሱ ጊዜ ወደ ሰደርያው ኪስ ሄደ። ገባ፤ ወጣ። መዳፉ ላይ ከአምፖሎቹ አንዷ ነበረች፤ ሽንብራ ታክላለች። የማን እንደሆነች የማያውቅ ይመስል ቁልቁል አያት።

ባናሪ ግድግዳውን ይዛ ተነሳች። መጥታ የልጇን መዳፍ አየች፣ እኔን አየች፣ የተፈታውን ዳሽቦርድ አየች። ከዚያ ዳድከሪም ፊት ቆመች።

"አንተ በጌጅ አትዋሽም ይሉሃል" አለችው። "ይህቺ ቦታዋ ላይ ብትሆን ልጄ በሕይወት ነበር?"

ዳድከሪም ከሞት ተርፏል፤ ጥያቄው ከሽጉጥ ይከፋ ነበር። አላውቅም ማለት ይችል ነበር። ድንጋዩ ነው ማለት ይችል ነበር። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን አሥር ጊዜ እዋሽላት ነበር፤ እስከዛሬም በዚህ እበሳጭበታለሁ።

"አዎ እናቴ" አላት። "ወንዙ ላይ ይበራ ነበር። ናጉማን ይቆም ነበር፤ እኔ ቁም ብዬዋለሁ፤ ልጁ ደግሞ ቃል ይሰማል። የአጎቶቹ ድንኳን እዚያው ነው፣ ሽፍታ እዚያ አይደርስም። ግን አምፖሉን እንደሚያወጡት እኔም አውቅ ነበር። ሁላችንም እናውቃለን። ሲበራ ቁም አልኩት እንጂ አታውጣው አላልኩትም። አንድ ቃል ነበር፤ ዋጥኳት።"

ጂያንድ ሁሉን ሰማ። አምፖሏ ከእጁ ወደቀች፤ ሽጉጡ አልወደቀም። አፈሙዙን አገጩ ሥር ሲሰካ ከሁሉም ቀድሞ ያየው ዳድከሪም ነው። ከበርጩማው ተወርውሮ በዚያ በተሰበረ እጁ ክንዱን መታው። ጥይቱ የጂያንድን ጉንጭ ሰንጥቆ፣ የፒክአፑን መስታወት በስቶ ሄደ። የቀርክሃው እሥራት ተፈታ፤ የዳድከሪም ጩኸት እስከ ባቡር ጣቢያው ተሰማ አሉ። ሰው ተተራመሰ። አራት ሆነን ጂያንድ ላይ ወደቅንበት። ይነክሳል፣ ይራገጣል፣ "ልቀቁኝ! ልቀቁኝ!" ይላል፤ ደሙ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ሽጉጡን ለማስለቀቅ ጣቱን በፒንሳ ፈለቀቅሁት፤ ምን ላድርግ፣ በእጄ ያለው እሱ ነበር። ሽጉጡ ወጥቶም አልተረጋጋ። ራሱን ከድንጋዩ ጋር ያላትማል። ጉልበቱ ከአራታችን በለጠ፤ አንዱን እግር ስንይዝ ሌላው ያመልጠናል።

ባናሪ በመሃላችን ገባች። ሽማግሌ ሴት ናት፣ ክብደቷ አንድ ጎማ አይሞላም። መጀመሪያ በጥፊ መታችው፤ በተሰነጠቀው ጉንጩ ላይ፣ በጆሮው ላይ፣ በቡጢ ደረቱን፣ እጇ እስኪዝል ድረስ። ማንም አልያዛትም። እሱም መታገሉን ትቶ ፊቱን ይሰጣታል። ሲደክማት ቀሚሷን ሰብስባ ደረቱ ላይ ተቀመጠች።

"ልቀቁት" አለችን። ለቀቅነው።

"እናቴ ተነሺ" አላት ጂያንድ። "ተነሺና ልሙት። እኔ ነኝ የገደልኩት።"

"አውቃለሁ" አለችው። "ሰምቻለሁ። ግን የቀረኸኝ አንተ ነህ። ይህን ልጅ ማንም አይወስድብኝም፤ አንተም ጭምር።"

ዋጃ ሻህዶስት ስለ እጁ ፍርድ ሊናገሩ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ዳድከሪም ይተዉት ብሎ በግራ እጁ ምልክት ሰጣቸው። የከሰዓቱ የአስር ሶላት አዛን ተሰማ። ወንዶቹ እዚያው ጎን ለጎን ተሰልፈው ሰገዱ፣ ደም ያለበትን ቦታ እየዘለሉ። ስንጨርስ ባናሪ አሁንም ደረቱ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ተነሺ ያላት የለም።